የሶፍትቦል ምትና የኋላ እግር፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለሚለማመዱ መቺዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ የተጻፉት በቀኝ ለምትመታ ተጫዋች ነው። የኋላ እግር ስንል ቀኙን፣ የፊት እግር ስንል ለወርዋሪዋ የሚቀርበውን ግራውን ነው። በግራ የምትመቱ ቀኝና ግራን ገልብጣችሁ አንብቡ።

ኳሷን የሚመታው እጅ ሆኖ ሳለ ስለ እግር ይህን ያህል ለምን ይወራል?

እጅ ዱላውን ይመራል እንጂ ፍጥነቱን ብቻውን አያመጣም። ጅራፍ ያጮኸ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የሚጮኸው ጫፉ ነው፤ ጉልበቱ ግን የመጣው ከእጀታው ነው፣ ያውም እጀታው ቀድሞ ሄዶ ድንገት ሲገታ። እዚህም እንደዚያው ነው። መሬቱን የሚገፋው እግር ይቀድማል፣ ዳሌ ይከተላል፣ ቀጥሎ ደረት፣ ቀጥሎ ክንድ፣ በመጨረሻ የዱላው ጫፍ። አንዱ ገታ ሲል ፍጥነቱን ለሚቀጥለው ያቀብላል። ዳሌና ደረት እኩል ከዞሩ መቀባበሉ ይጠፋና ምቱ የክንድ ብቻ ይሆናል፤ ኳሷ ትነካለች እንጂ አትሄድም።

የኋላ እግር ሦስት ሥራ አለው፦ ክብደት ይይዛል፣ ይገፋል፣ ከዚያ ይለቃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሁሉም ያውቃቸዋል። መልቀቁን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው፤ ከዚህ በታች የምታነቧቸው አብዛኞቹ ስህተቶችም የሚመነጩት ካለመልቀቅ ነው።

«የሲጋራ ቁራጭ እንደሚያጠፋ ሰው የኋላ እግርሽን አሽከርክሪ» ተብለን ነው የተማርነው። ተሳስተናል?

ትእዛዙ ውጤትን ከምክንያት ያምታታል። ምቱ ጥሩ ሲሆን የኋላው ተረከዝ ይነሳል፣ የጫማው ማሰሪያም ወደ ወርዋሪዋ ዞሮ ይታያል። ያየ ሰው እግሩ ዞረ ይላል። እግሩን ያዞረው ግን ዳሌው ነው፤ እግሩ ዳሌውን አላዞረውም።

እግሩን ለማዞር ብላችሁ ስታዞሩት ክብደታችሁ እዚያው እግር ላይ ይቆያል፤ ክብደት የሌለበት እግር አፈር አይፈጭምና። ያን ጊዜ ሰውነት የሚዞርበት ምሰሶ የኋላው እግር ይሆናል። ደረት ወደ ኋላ ይጋደማል፣ የፊት ትከሻ ያለጊዜው ይከፈታል፣ ዱላው ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ኳሷን ከውጭ በኩል ይመጣባታል። ከዚህ የሚገኘው ወይ በግራ መስመር የምትወጣ ኳስ፣ ወይ በዱላ ጫፍ ተነክታ ሦስተኛው ቤዝ (በግራ መስመር ላይ ያለው የሯጮች ማረፊያ) አጠገብ የምትሞት ኳስ ነው።

እግሯን እንደ ችካል ተክላ ለምትቀር ጀማሪ ትእዛዙ ለሳምንት ያህል ሊያግዝ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ግን ልማድ ይሆንና ለመንቀል ወራት ይፈጃል። እኛ «ግፊና ልቀቂ» ማለትን እንመርጣለን።

ስቆም እግሮቼ የት ይሁኑ?

የመቺ ሳጥን፣ ማለትም መቺዋ የምትቆምበት በመስመር የተከለለ ቦታ፣ 2.13 ሜትር ርዝመትና 0.91 ሜትር ስፋት አለው፤ ውስጠኛው መስመሩ ከሆም ፕሌት (ኳሷ በላዩ እንድታልፍ ከምትወረወርበት መሬት ላይ ያለ ሰሌዳ) 15 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ፕሌቱ 43 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ከወገባችሁ ትንሽ ጎንበስ ብላችሁ የዱላችሁን ጫፍ በፕሌቱ ማዶ ጠርዝ ላይ ማሳረፍ ከቻላችሁ ርቀቱ ይበቃል።

በእግሮቻችሁ መካከል ያለው ስፋት ከትከሻችሁ በአንድ ስንዝር ገደማ ይብለጥ። የኋላው እግር ከወርዋሪዋ ወደ ፕሌቱ ለሚመጣው መስመር ቀጥ ብሎ ተሻግሮ ይቁም፤ ጣቶቹ ትንሽ ወደ ውስጥ ቢያዘነብሉ አይጎዳም። ጣቶቹ ወደ ካቸሯ (ከፕሌቱ ኋላ ሆና ኳሷን ወደምትይዘው) ከዞሩ ግን ጉልበት ወደ ውጭ ይከፈታል፣ ዳሌውም ለመዞር ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል።

አንዲት ሴት ቡና ልታፈላ በርጩማ ላይ ልትቀመጥ ስትል ሰውነቷ የሚያደርገውን አስቡ። መቀመጫ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ደረት ትንሽ ወደ ፊት፣ ጉልበት ከጫማ ማሰሪያ በላይ። እዚያው ላይ ቁሙ፤ በርጩማው ድረስ አትውረዱ። ጓደኛችሁ ደረታችሁን በሁለት ጣት ገፋ ስታደርግ ወደ ኋላ የምትንገዳገዱ ከሆነ ክብደታችሁ ተረከዝ ላይ ነው።

ክብደት ወደ ኋላ የምጭነው መቼና ምን ያህል ነው?

ጊዜው አጭር ነው። በአዋቂ ሴቶች ጨዋታ ወርዋሪዋ 13.11 ሜትር ላይ ቆማ ትጀምራለች፤ ኳሷን ስትለቅ ግን ተራምዳ ወደ 11.5 ሜትር ገደማ ቀርባለች። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ብትወረውር ኳሷ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ትደርሳለች። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ከሆነ ወደ 0.6 ሰከንድ ነው። ኳሷን ካዩ በኋላ ክብደት መጫን መጀመር ስለዚህ አያዋጣም። የወርዋሪዋ ክንድ ዞሮ ከራሷ በላይ ሲደርስ ጫኑ፤ ኳሷ ከዳሌዋ አጠገብ ስትለቀቅ የፊት እግራችሁ መሬት ለመንካት የተቃረበ ይሁን።

መጠኑን በተመለከተ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ክብደት ኋላ ላይ ቢሆን ይበቃል። ዳሌ ወደ ኋላ የሚሄደው ከአራት ጣት ስፋት አይበልጥም። ዋናው ነገር ክብደቱ የእግሩ የትኛው ክፍል ላይ ነው የሚለው ነው። መሆን ያለበት ከአውራ ጣት ሥር ተነስቶ እስከ ተረከዝ በሚሄደው የውስጥ ጠርዝ ላይ ነው። በትክክል ሲጫን የቀኝ መቀመጫችሁ ጡንቻ ሲወጠር ይሰማችኋል። የተሰማችሁ ጭናችሁ ፊት ለፊት ብቻ ከሆነ ጉልበታችሁን አጠፋችሁ እንጂ ዳሌያችሁን አልጫናችሁም።

ከሁሉ የከፋው ጉልበት ከእግሩ ውጪ አልፎ ወደ ካቸሯ ሲንሸራተት ነው። ከዚያ ተነስቶ የሚገፋ ሰው መጀመሪያ የሸሸውን መመለስ አለበት፤ ኳሷ ደግሞ እስከዚያ አትጠብቅም። መላው ቀላል ነው። ጉልበት የሚደርስ ቀጭን እንጨት ከኋላ እግራችሁ የውጭ ጠርዝ ሁለት ጣት አርቃችሁ መሬት ላይ ትከሉ። ስትጭኑ ጉልበታችሁ እንጨቱን ከነካ አልፋችኋል። በዱላ ሳትመቱ 15 ጊዜ ጭናችሁ መልሱ።

መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው የቱ ነው፤ ተረከዝ፣ ጉልበት ወይስ ዳሌ?

ሲታይ ጉልበቱ ይቀድማል፤ ሥራውን የሚጀምሩት ግን የመቀመጫና የጭን ጡንቻዎች ናቸው፣ መሬቱን በእግር የውስጥ ጠርዝ በመግፋት። አማርኛ መገጣጠሚያውንም አቅሙንም «ጉልበት» ብሎ መጥራቱ እዚህ ላይ ያምርበታል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የፊት እግር ያርፋል። የኋላው ጉልበት ወደ ፊተኛው ጉልበት ይነዳል፤ አቅጣጫው ወደ ፊትና ወደ ውስጥ ነው፣ ወደ ታች አይደለም። ዳሌ ትንሽ ወደ ፊት ሄዶ ይዞራል። በዚህ ጊዜ ደረትና እጅ ገና ኋላ ናቸው፤ ሆድና ጎን ላይ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ የመጠምዘዝ ስሜት ይኖራል። ያ ስሜት ከሌለ ደረት ከዳሌ ጋር አብሮ ዞሯል። ተረከዝ የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ማንም ሳያዘው።

ዱላው ኳሷን ሲነካ የኋላው ጉልበት ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ታጥፎ፣ ጆሮ፣ የኋላ ትከሻ፣ ዳሌና የኋላ ጉልበት ከጎን ሲታዩ በአንድ መስመር ሊገጠሙ የተቃረቡ ይሆናሉ። የኋላ እግር ጫፍ መሬቱን ይነካል፤ ከሥሩ ወረቀት ቢጎተት የሚወጣ ያህል ግን ቀላል ነው። አንዳንድ ኃይለኛ መቺዎች እግራቸው ጭራሽ ከመሬት ይነሳል። ያንን አስባችሁ አትሥሩ፤ ከመጣ ይምጣ።

አሠልጣኝ አጠገቤ በሌለበት ጊዜ ትክክል መሥራቴን በምን አውቃለሁ?

በአቧራው። ኮምቦልቻ ላይ ዝናቡ አቁሞ መሬቱ ሲደርቅ፣ ደሴም ላይ ሣሩ ባለቀበት የሜዳ ጥግ፣ ከካሜራ ቀድሞ የሚመሰክር ነገር እግራችሁ ሥር አለ። በእግራችሁ ወይም በቅጠል መሬቱን ደልድሉ፤ በጣቶቻችሁ ጫፍ በኩል ወደ ወርዋሪዋ የሚሄድ መስመር አስምሩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ በሙሉ ኃይል ምቱና ዱካውን ሳታበላሹ ወደ ጎን ውጡ። ከዚያ የኋላ እግራችሁ የተወውን ምልክት አንብቡ።

ዶሮ አፈር የታጠበችበት የሚመስል ክብ ጉድጓድ ካያችሁ እዚያው ተሽከርክራችኋል፤ ክብደቱ አልተላለፈም። ሙሉ የጫማ ዱካ ምንም ሳይነካ ከቀረ ዳሌያችሁ አልዞረም፣ የመታችሁት በክንድ ነው። የሚፈለገው አጭር ቦይ ነው፦ ከ5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ወርዋሪዋ ቀጥ ያለ፣ ሲጀምር ጠለቅ ብሎ ወደ መጨረሻው እየሳሳ የሚሄድ። ጥልቀቱ ግፊቱን ይነግራችኋል፣ መሳሳቱ መልቀቁን።

ቦዩ ከመስመሩ ወደ ተረከዝ በኩል፣ ማለትም ከፕሌቱ እየራቀ ከሄደ፣ መቀመጫችሁ ወደ ኋላ ወድቋል፤ ዳሌው ወደ ፊት ሳይሄድ ተከፍቷል። የውጭ ኳስ የማይደርስባቸው ልጆች ዱካ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ወደ ፕሌቱ ከሄደ ደግሞ ከጣታችሁ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላችሁ ነበር። ቦዩ ከአንድ ስንዝር ተኩል ካለፈ ሰውነታችሁ በሙሉ ወደ ፊት ተምዘግዝጓል፤ ራሳችሁም አብሮ ሄዷል ማለት ነው፣ በተለይ ዝግ ያለች ኳስ ስትመጣ ትጋለጣላችሁ።

አሥር ጊዜ ምቱና በየጊዜው መሬቱን እየደለደላችሁ ቁጠሩ። ከአሥሩ ሰባቱ አጭር ቦይ ከሆኑ ወደ ሌላ ነገር እለፉ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ምልክቱን ለማሳመር ብሎ እግርን መጎተት ይቻላል። የተጎተተ ዱካ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥልቀቱ እኩል ስለሆነ ራሱን ያጋልጣል።

የኋላ ጉልበቴ ይሰምጥና ኳሷ ሁልጊዜ ወደ ሰማይ ትወጣለች። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ምቱ ሲደርስ የኋላ ትከሻ ከፊቱ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ትክክል ነው፤ «ትከሻሽን እኩል አድርጊ» የሚለው ምክር ብዙ መቺ አበላሽቷል። ችግር የሚሆነው ወገብ ሲወርድ ነው። ነጠላ ወይም ገመድ ወገባችሁ ላይ እሰሩና ከጎን አስቀርጹ፤ ከጫናችሁበት ጊዜ እስከ ምቱ ገመዱ ከሁለት ሦስት ጣት በላይ ከወረደ ጉልበቱ ተደርምሷል።

ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ግፊቱ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ መሬት ነው፤ ወይም ጭኑ ደክሟል፤ ወይም ዱላው ከብዷል። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ 81 ሴንቲ ሜትር የሚረዝምና ከ620 እስከ 650 ግራም የሚመዝን ዱላ ይመቻል። ከወይራ የተጠረበ ዱላ በዚያው ርዝመት ከዚህ በብዙ ሊበልጥ ይችላል፤ ክብደቱ እጅን ወደ ታች ይጎትታል፣ እጁን ለማዳን ጉልበት ይታጠፋል።

ግፊቱን ለማረም ኳሷን ደረት አካባቢ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡና ወደ መሬት ሳይሆን ቀጥ ብላ እንድትሄድ 8 ጊዜ፣ በሦስት ዙር ምቱ። ጉልበት ሰምጦ ከፍ ያለች ኳስ ቀጥ አድርጎ መምታት አይቻልም፤ ሰውነት ራሱ ይማራል። ጭኑን ለማጠንከር ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ደረጃ ላይ በአንድ እግር መውጣትና ቀስ ብሎ መውረድ፣ በእያንዳንዱ እግር 8 ጊዜ በሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ደሴ ላይ ደረጃና ዳገት ፍለጋ ሩቅ አይኬድም።

የፊት እግርስ?

እግር ኳስ የተጫወተ ሁሉ የድጋፍ እግርን ያውቃል። መቺው እግር እንዲፈጥን የድጋፉ እግር መቆም አለበት። የፊት እግር እዚህ ያው ነው። ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ተራምዶ፣ ቀስ ብሎ፣ ጣቱ ወደ ወርዋሪዋ በግማሽ ተከፍቶ ያርፋል። ሲያርፍ ጉልበቱ ትንሽ የታጠፈ ነው፤ ዳሌ ሲዞር ይጠነክርና ወደ መዘርጋት ይሄዳል። በዚያች ቅጽበት የሚያርፍበት ኃይል ከሰውነታችሁ ክብደት ሊበልጥ ይችላል። የፊት ጉልበት ከለዘበ የኋላው ግፊት ሁሉ ወደ ፊት ይፈሳል እንጂ ወደ መዞር አይቀየርም። የኋላ እግሯ ሰነፍ ነው የምትባል ልጅ ላይ አንዳንዴ ጥፋቱ የፊተኛው ነው።

ራሴን ምን ላድርገው?

አገጭ ከፊት ትከሻ ተነስቶ የኋላ ትከሻ ላይ ይጨርስ፤ በመካከል የሚንቀሳቀሰው ትከሻው ነው፣ ራሱ አይደለም። የፊት እግር ካረፈ በኋላ ራስ ወደ ፊት መሄድ የለበትም።

የውስጥና የውጭ ኳስ ላይ የኋላ እግር ይለያያል?

ይለያያል፤ በመጠን እንጂ በዓይነት አይደለም። ወደ ሰውነታችሁ የምትጠጋን ኳስ ከፕሌቱ ፊት ቀድማችሁ ስለምትመቷት ዳሌ ሙሉ በሙሉ ይዞራል፣ እምብርት ወርዋሪዋን ያያል፣ የኋላ ተረከዝ ወደ ላይ ይቆማል። የውጭ ኳስ እስክትጠልቅ ትጠበቃለች፤ ስትመታ ዳሌው ገና በከፊል የዞረ ነው፣ እምብርት በወርዋሪዋና በሁለተኛው ቤዝ ጠባቂ መካከል ያያል፣ ተረከዙም ያነሰ ይነሳል። የውጭ ኳስ ላይ ሙሉ ልዙር ያለች መቺ በግድ ከሜዳው ግራ ክፍል ጋር ትታገላለች። የቀኙን ሜዳ የሚከፍተው ዳሌን በጊዜው መግታት ነው።

የገና ጨዋታ እየተጫወትኩ ነው ያደግሁት። ይጠቅመኛል ወይስ ያበላሸኛል?

ሁለቱም። ሩር (የገና ጨዋታ ኳስ) የሚመታ ሰው ሮጦ ደርሶ ስለሚመታ ክብደቱን ኋላ የመተው ልማድ የለውም፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ግን ሩር መሬት ላይ ናት፤ ወገብ ታጥፎ ጀርባ ጎብጦ ይመታል። ሶፍትቦል ውስጥ ያው ጉብጠት ዳሌውን ይቆልፈዋል። የገና ተጫዋች የነበራችሁ የምትለማመዱት ከፍ ባለች ኳስ ይሁን።

ዱላና ኳስ እንደልብ በሌለበት በምን እንለማመድ?

ኳስ ማስቀመጫ ከ20 ሊትር ጀሪካን ይሠራል። አንድ ሦስተኛውን አሸዋ ሙሉ፤ አፉ ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ ቧንቧ አቁሙበት፤ ከላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጠቅልላችሁ እሰሩ፤ ዱላ ሲያርፍበት እንዲታጠፍ። አንድ ቧንቧ ዳሌ፣ አንድ ደረት እንዲደርስ አድርጋችሁ ሁለት ቁረጡ። የሶፍትቦል ኳስ ዙሪያዋ 30 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ካልሲ ውስጥ ከልብስ ሰፊ ቤት የተገኘ ቁርጥራጭ ጠቅጥቃችሁ በዚያ ልክ ብትሠሩት ለእግር ሥራ ምንም አይጎድልም። ደረቁንና ጠንካራውን ኳስ በባሕር ዛፍ እንጨት አትምቱ፤ እንጨቱ ተሰንጥቆ ስብርባሪው ይበራል።

ከሁሉም በላይ የምንመክረው ጆንያ ነው። ገለባና ጨርቅ ሙሉበትና ግድግዳ ላይ በዳሌ ከፍታ አስደግፉት ወይም ከዛፍ አንጠልጥሉት። በግማሽ ፍጥነት ምቱና ዱላው ጆንያው ላይ እንዳለ ሁለት ሰከንድ ቁሙ። ከዚያ ራሳችሁን መርምሩ፦ የኋላ ተረከዝ ተነስቷል? የኋላ እግሬን ሳልወድቅ ከመሬት ላነሳ እችላለሁ? የፊት ጉልበቴ ጠንክሯል? ሁለተኛው ጥያቄ ፈተናው ነው። እግሩን ማንሳት ካልቻላችሁ ክብደቱ አልተላለፈም። 10 ጊዜ፣ በሦስት ዙር።

በስልክ ስንቀርጽ ምን ላይ እናተኩር?

ተራ ቀረጻ በሰከንድ 30 ምስል ይይዛል፤ ዱላው ተነስቶ ኳሷ ላይ እስኪደርስ 0.2 ሰከንድ እንኳ ስለማይሞላ የምታገኙት አምስት ስድስት ምስል ብቻ ነው። ስልኩ በሰከንድ 240 የሚቀርጽ ዝግ ያለ ቀረጻ ካለው ያንን ምረጡ። በወገብ ከፍታ፣ ከመቺዋ ደረት ፊት ለፊት፣ አራት ሜትር ርቃችሁ ቁሙ። የምትፈልጉት ሁለት ምስል ነው፦ የፊት እግር ሲያርፍ የኋላው ተረከዝ ገና መሬት ላይ ነው ወይ? ዱላው ኳሷን ሲነካስ ተነስቷል ወይ? የፊት እግር ሳያርፍ የኋላው ተረከዝ ተነስቶ ከሆነ ምቱ የተጀመረው ያለጊዜው ነው።

ሜዳችን ተዳፋት ነው። ጫማስ የትኛው ይሻላል?

የኋላ እግር ዝቅ ባለው በኩል ከቆመ ክብደት ኋላ ይታሰራል፤ ከፍ ባለው በኩል ከቆመ መቺዋ ሳትገፋ ወደ ፊት ትወድቅና የገፋች ይመስላታል። ሁለቱም ውሸት ያስተምራሉ። ተዳፋቱ ከጀርባ ወደ ደረት ወይም ከደረት ወደ ጀርባ እንዲሆን ዙሩና ሁለቱን እግሮች እኩል ከፍታ ላይ አድርጉ።

ጫማን በተመለከተ፣ ጥርሱ ረጅም የሆነ ታኬታ ደረቅ መሬት ላይ እግሩን ይነክሰዋል፤ ዳሌ ሲዞር እግሩ እምቢ ስለሚል ጠመዝማዛው ጉልበት ላይ ያርፋል። አጭር የጎማ ጥርስ ያለው ይሻላል። ክረምት ላይ ደሴ ሜዳው ሲጨቀይ ደግሞ ሸራ ጫማ ይንሸራተታል፤ በዚያን ጊዜ ሙሉ ኃይል ትታችሁ ጆንያውን በረንዳ ሥር አድርጉት። ከጦሳ ተራራ በኩል ብርዱ በሚወርድባቸው ጠዋቶች ከመምታት በፊት ቢያንስ 10 ደቂቃ ሰውነት አሙቁ፤ ብሽሽትና የጭን ውስጥ ጡንቻ ቀድመው የሚቀጡት ናቸው።

በሂጃብና በረጅም ልብስ መምታት ይቻላል?

በሚገባ። ቀሚሱ ጠበብ ያለ ከሆነ የኋላ ጉልበትን ወደ ፊት እንዳይነዳ ይይዘዋል፤ ሰፊ ሱሪ ላይ ጉልበት የሚደርስ ሰፊ ቀሚስ ይበቃል። የሂጃቡን ጫፍ ሸሚዝ ውስጥ አስገቡት፤ ከተንዘላዘለ አገጭ ከትከሻ ትከሻ ሲሻገር ይይዘዋል። በጾም ወራት፣ ረመዳንም ሆነ ሁዳዴ፣ የሙሉ ኃይል ምቶችን ቁጥር በግማሽ ቀንሱና ቀሪውን በቀስታ ሥሩ። የደከመ ጭን የሚማረው መስመጥን ነው።

ልጄ ከልምምድ በኋላ የቀኝ ጉልበቷን ያማታል። ወጌሻ ጋ ልውሰዳት?

መጀመሪያ ሕመሙ የት እንደሆነ ይጠይቋት። ከሎሚው በታች፣ ፊት ለፊት፣ ከሥራ በኋላ የሚመጣ ድብን ያለ ሕመም በማደግ ላይ ባሉ ልጆች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ መዝለልና ሙሉ ኃይል ምት ለጥቂት ሳምንታት ሲቀነስ ይበርዳል። ካልበረደ ወይም እያነከሰች ከሆነ ሐኪም ይየው። ስትዞር «ቋ» ብሎ የጀመረ፣ በዚያው ቀን ያበጠ፣ የሚቆለፍ ወይም የሚከዳት ጉልበት ከሆነ ግን ሳይታሽና ሳይጎተት ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት። የተጎዳ ጅማት ወይም የጉልበት ውስጥ ትራስ በመታሸት ሊባባስ ይችላል።

ከዚያ ምቷን ያስመርምሩ። እግሯን ተክላ ጉልበቷን የምታዞር ልጅ፣ ያ የሲጋራ ቁራጭ ነገር፣ በየቀኑ አንድ ዓይነት ጠመዝማዛ ትከማቻለች። ከ13 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች በአንድ ልምምድ ከ80 የሙሉ ኃይል ምት፣ በሳምንት ከሦስት ቀን ባናልፍ እንመርጣለን።

ደሴ ላይ ኳስ ርቃ ትሄዳለች ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ስለሆነ የተመታች ኳስ የሚይዛት ነገር ያንሳል። ወደ ላይ የምትነሳና የምትታጠፍ ውርወራም መታጠፏ ይቀንሳል። ስለዚህ ደሴ ላይ ያማረ ምት የሐረጎን ዳገት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ተጫዋች እጅ ሊገባ ይችላል፤ ራሳችሁን በርቀት አትለኩ፣ በአቧራው ዱካ ለኩ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ለጨዋታ የምትወጡ ደግሞ በዙሮች መካከል የምታርፉትን ጊዜ ጨምሩ፤ ትንፋሽ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰንፈው የኋላ እግር ነው።

እየሮጡ በግራ የሚመቱት ልጆች የኋላ እግራቸውን ወደ ፊት ያሻግራሉ። እነሱ ለምን ተፈቀደላቸው?

እነሱ የሚሹት ርቀት ሳይሆን የአንደኛ ቤዝ ሩጫን ግማሽ እርምጃ ቀድሞ መጀመር ነው፤ ስለዚህ የኋላው እግር ገፍቶ አይቀርም፣ የፊቱን ተሻግሮ የሩጫው የመጀመሪያ እርምጃ ይሆናል። ዳሌው ሆን ተብሎ ተዘግቶ ይቆያል። ሕጉ የሚለው ኳሷ ስትነካ እግር ሙሉ በሙሉ ከሳጥኑ መስመር ውጭ መሬት ላይ ካረፈ ወይም ፕሌቱን ከነካ መቺዋ ተራዋን አጥታ ትወጣለች ነው። ይህንን የምትለማመዱ ከሆነ ሳጥኑን በኖራ ወይም በአመድ አስምሩ፤ በዓይን ግምት የተለማመደች ልጅ በጨዋታ ቀን አንድ ጫማ ታልፋለች።